ከቁራኛ ሰንሰለት እስከ ደመወዝ ሲሶ

ታሞ ከአልጋ የማይነሣ ሰው «የአልጋ ቁራኛ» ይባላል፤ የተጠረጠረ ሰው እንዳያመልጥ ነቅቶ የሚጠብቅ ዘበኛም «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» ይባላል። ቃሉ እስከ ዛሬ በሰው ሁሉ አፍ ይነገራል፤ ቃሉን የወለደው ብረት ግን ከአደባባይ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቁራኛ ማለት በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ፥ ይልቁንም አበዳሪና ባለዕዳ፥ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ የሚታሰሩበት ሥርዓት ነበረ። ባለዕዳው ተረትቶ የሚከፍለው ገንዘብ ቢያጣ፥ የሚዋሰውም ሰው ባይገኝ፥ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋራ ይቆራኝና ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪጠራ ድረስ አብረው ይሄዱ፥ አብረው ይቀመጡ፥ አብረው ይተኙ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች ይህን አይተው ጽፈዋል፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያም እንዲህ የተቆራኙ ሰዎች ፎቶግራፍ ተነሥተው ምስላቸው እስከ ዛሬ ቆይቷል።

ይህ ሥርዓት ለዛሬ ሰው ጭካኔ ሆኖ ይታያል፤ ጭካኔም ነበረ። ነገር ግን በውስጡ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ የነበረው መሆኑ ነው። አበዳሪውም እንደ ባለዕዳው ታስሮ ይውላል። እርሻው ሳይታረስ ይቀርበታል፥ የገበያው ቀን ያልፈዋል፥ ባለዕዳው ሲራብ ረኀቡን በዓይኑ ያያል፥ ሌሊት ሲገላበጥም የእርሱ እንቅልፍ ይቋረጣል። ስለዚህ የመታረቅ ምክንያት በሁለቱም ወገን ነበረ፤ ከዕዳው ጥቂት ተቀንሶ፥ ለቀረውም ቀን ተቀጥሮ፥ ሽማግሌ ገብቶበት ነገሩ ቢያልቅ የሚጠቀመው ባለዕዳው ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ዕዳን ለማስከፈል ብረት አያስፈልግም። ዳኛ ይፈርዳል፤ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጻፋል፤ ትእዛዙም ባለዕዳው ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ የመሥሪያ ቤቱም ሒሳብ ሹም በየወሩ ከደመወዙ ቈርጦ ለአበዳሪው ያስተላልፋል። አበዳሪው በቤቱ ተቀምጦ፥ የባለዕዳውን ፊት ሳያይ፥ ገንዘቡን ይቀበላል። ከሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች አንዱ ተፈትቶ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። አበዳሪው ከሰንሰለቱ ከወጣ እንግዲህ የባለዕዳውን ረኀብ የሚያይለት ማን ነው? የዕዳ ሕግ ታሪክ በአጭሩ ቢነገር የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ሕግ ሠሪዎችን ከጥንት ጀምሮ ያስጨነቃቸው ከባለዕዳው ምን ይወሰድ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ምን ይተውለት የሚለው ነው እንጂ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ ሕጉን በድንጋይ ላይ ባስቀረጸ ጊዜ፥ በአገሩ ሰው ስለ ዕዳው ሚስቱንና ልጁን ለአበዳሪው አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ንጉሡ ይህን ልማድ አልሻረውም፤ ነገር ግን ወሰን አደረገለት። በዕዳ የተያዙት ሰዎች በአበዳሪው ቤት 3 ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ4ኛው ዓመት አርነት ይውጡ ብሎ አዘዘ። እንደዚሁም በሬን ስለ ዕዳ መያዣ የወሰደ ሰው የአንድ ምናን ብር ሲሶ መቀጫ ይክፈል አለ። የመቀጫው ምክንያት ለገበሬ ሁሉ ግልጽ ነው። በሬው ከተወሰደ እርሻው ይቀራል፤ እርሻው ከቀረ ዕዳውም የሚከፈልበት እህል አይገኝም።

በግሪክ አገር በአቴና ከተማ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ዓመት የተሾመው ሶሎን ከዚህ አልፎ ሄደ። በእርሱ ዘመን ድኾች በገዛ ሰውነታቸው መያዣነት ተበድረው፥ መክፈል ሲያቅታቸው ባሮች ይሆኑ ነበርና፥ ማንም ሰው ሰውነትን መያዣ አድርጎ እንዳያበድር ከለከለ፤ በዕዳ የተያዙትንም ነጻ አወጣ።

በሮማ ግን ነገሩ ጸንቶ ቆየ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ የተጻፉት ዐሥራ ሁለቱ የሕግ ሰሌዳዎች ለተፈረደበት ባለዕዳ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጡታል። በዚህ ጊዜ ካልከፈለ አበዳሪው ወደ ቤቱ ወስዶ በገመድ ወይም በእግር ብረት ያስረዋል፤ እስረኛውም የራሱ ስንቅ ከሌለው በየቀኑ አንድ ነጥር ዱቄት ይሰጠዋል። ለ60 ቀን እንዲህ ተይዞ፥ በሦስት የገበያ ቀኖች ወደ አደባባይ ወጥቶ የዕዳው ልክ ይነገራል። የሚቤዠው ሰው ካልተገኘ ሞት ወይም ከቴቬር ወንዝ ማዶ በባርነት መሸጥ ይጠብቀው ነበር። በዚህ ሁሉ ጽኑነት መካከል ያ የአንድ ነጥር ዱቄት ነገር ልብ የሚባል ነው፤ ሰውን እስከ መሸጥ የሚደርሰው ሕግ እንኳ ለባለዕዳው የሚተውለትን ቀለብ በሚዛን ወስኖ ነበርና። ኋላ፥ ታሪክ ጸሐፊው ሊቪዮስ እንደ ተረከው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 ዓመት፥ ሕዝቡ ስለ አንድ በዕዳ የተያዘ ወጣት መበደል ተቈጥቶ ተነሣ፤ ከዚያም በኋላ ለዕዳ ተጠያቂ የሚሆነው የባለዕዳው ገንዘብ እንጂ ሰውነቱ እንዳይሆን ተወሰነ።

የሙሴ ሕግ ደግሞ ይህን ነገር ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ድኻው ጎጆ ቀርቦ ይመለከተዋል። በኦሪት ዘዳግም 24ኛው ምዕራፍ አበዳሪ የባለዕዳውን ወፍጮ፥ መጁንም እንኳ ቢሆን፥ መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ተከልክሏል፤ ወፍጮ የቤተ ሰቡ ዕለታዊ እንጀራ ነውና። መያዣ ለመቀበልም ወደ ባለዕዳው ቤት አይገባም፤ በደጅ ይቆማል፥ ባለቤቱ ራሱ ያወጣለታል። ባለዕዳው ድኻ ሆኖ ልብሱን መያዣ ቢሰጥ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይመለስለታል፤ የሚተኛበት ሌላ ልብስ የለውምና። የቀን ሠራተኛም ደመወዙ ፀሐይ ሳይገባ ይሰጠዋል። በነዚህ ትእዛዞች ውስጥ የገንዘብ ቊጥር አይገኝም። የሚገኘው ልብስ፥ ወፍጮ፥ ደጅና የፀሐይ መግቢያ ነው። የሚተውለት ነገር የሚለካው በዕዳው ልክ ሳይሆን በሰውየው አንድ ሌሊት ነው።

ሕጉ ቢጻፍም ሁልጊዜ አልተጠበቀም። በመጽሐፈ ነህምያ 5ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ እርሻውንና ወይኑን፥ ቤቱንም ለእህል መግዣና ለንጉሥ ግብር አስይዞ፥ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ነህምያም ታላላቆቹን ሰብስቦ ወቀሳቸው፤ ወገኖቹ ያበደሩትንም ጭምር እንተው ብሎ እርሻው ለባለቤቱ እንዲመለስ አስማላቸው።

በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት የዳኞች መመሪያ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ አገር ኢብን አል ዓሳል በዓረብኛ ቋንቋ አጠናቀረው፤ ኋላም ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ከ51 አንቀጾቹ የኋለኞቹ የሥጋዊውን ፍርድ ነገር ሲያስተምሩ ስለ ብድር፥ ስለ መያዣና ስለ ዋስ ይናገራሉ። ከመጽሐፉ ጋራ የአገሩ ልማድም አብሮ ይሠራ ነበር። መሬት ያለው ሰው መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ይኸውም አበዳሪው በወለዱ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ እየበላ ይቆያል። ከብት ያለው ከብቱን ያስይዛል። ዘመድ ያለው ዋስ ይጠራል። ቁራኛ እንግዲህ የሚመጣው መሬትም ከብትም ዋስም የሌለውን ሰው ለመያዝ ነበር።

በዚያን ዘመን ደመወዝ የማይያዝበት ምክንያት ርኅራኄ አልነበረም፤ የሚያዝ ደመወዝ አለመኖሩ ነው እንጂ። ወታደሩና ሹሙ ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ አሽከሩ ቀለብና ልብስ ይቀበላል፤ አራሹም ከአዝመራው ድርሻውን ይወስዳል። በየወሩ በቊጥር ታውቆ ከአንድ ሣጥን የሚወጣ ገንዘብ ግን ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ነበረ። ይህ መለወጥ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ደመወዝተኛ ሠራተኞችን አበዛ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት እየበዛ፥ ወርኀዊ ደመወዝም እየተለመደ በሄደ ቊጥር አበዳሪ የሚይዘው አዲስ ነገር ተገኘ። የሰውየው እጅ ሳይታሰር የእጁ ፍሬ ገና ወደ እጁ ሳይደርስ ሊያዝ ተቻለ።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ከመታወቁ በፊት በኤውሮፓ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረውም የውጭ አገር ዘመን በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። በእንግሊዝ አገር ባለዕዳ የሚታሰርባቸው ልዩ ወህኒ ቤቶች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ በሎንዶን የነበረው ማርሻልሲ ነው። የታላቁ ደራሲ የቻርልስ ዲክንስ አባት በየካቲት ወር 1824 በ40 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ዕዳ በዚያ ታሰረ። የሚያስገርመው፥ ይህ ሰው የባሕር ኃይል ሰዎች ደመወዝ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ። በዚያን ጊዜ 12 ዓመት የሆነው ልጁ ቻርልስ የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ ጠርሙስ ያሽግ ነበር። አባትየው ከወህኒ ለመውጣት መክፈል ያልቻሉ ባለዕዳዎች በሚፈቱበት ሕግ ገባ፤ ሕጉም ለባለዕዳውና ለቤተ ሰቡ የሚቀረው ልብስና የግል ዕቃ ከ20 ፓውንድ ዋጋ እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ትንሹ ልጅ የለበሰው ልብስ እንዲገመት ወደ ገማች ዘንድ ተላከ። ጥንት በመጋረጃ ውስጥ የነበረው «ምን ይተውለት» የሚል ጥያቄ በዚህ ቦታ በአንድ ልጅ ኮትና ባርኔጣ ላይ ተገለጠ።

በ1869 የእንግሊዝ ምክር ቤት ባለዕዳን ማሰር በጠቅላላው እንዲቀር ሕግ አወጣ። በሚቀጥለውም ዓመት በ1870 የአሽከሮች፥ የወዛደሮችና የእጅ ሠራተኞች ደመወዝ በዕዳ እንዳይያዝ ፈጽሞ ከለከለ። ይህ የሠራተኛው ትልቅ ድል ይመስላል፤ ግን በውስጡ አንድ ቀዳዳ ቀረ። የ1869ኙ ሕግ መክፈል እየቻለ እንቢ ብሏል የተባለውን ባለዕዳ ዳኛው እስከ 6 ሳምንት እንዲያስረው ፈቅዶ ነበር። ደመወዙ ሊያዝ ስላልተቻለ አበዳሪው በዚህ ቀዳዳ ገባ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በጥቂት ዕዳ ወህኒ ይወርዱ ነበር። ደመወዙ ነጻ ሲሆን ሰውነቱ መያዣ ሆነ ማለት ነው። ይህ የተስተካከለው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1970 በወጣው ሕግ ስለ ተራ ዕዳ መታሰር ሲቀር፥ በዚያው ሕግ ደመወዝን መያዝ ተፈቀደ፤ በ1971ም ሥርዓቱ በአንድ ሕግ ተጠቃሎ ተጻፈ። በዚህ ሕግ ዳኛው ሁለት ቊጥር ይወስናል። አንዱ በየጊዜው የሚቈረጠው ነው፤ ሁለተኛው የሠራተኛው ደመወዝ ከዚያ በታች እንዳይወርድ የሚጠበቅለት ልክ ነው። ሁለተኛው ቊጥር የባለዕዳውን ችግርና የቤተ ሰቡን ብዛት አይቶ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ የአንዱ ሰው ከሌላው ይለያል።

ሌሎቹ አገሮች በየመንገዳቸው ወደዚህ መጡ። የሰሜን ጀርመን ማኅበረ መንግሥታት በ1869 ባወጣው ሕግ ሥራው ተሠርቶ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ የሠራተኛ ደመወዝ እንዳይያዝ ከለከለ። በስኮትላንድ በ1870 በሳምንት እስከ 20 ሽልንግ የሚደርስ ደመወዝ ነጻ ሆነ፤ የሚያዘው ከዚያ የሚበልጠው ብቻ ነው። ፈረንሳይ በጥር ወር 1895 ከወዛደርና ከአገልጋይ ደመወዝ በአበዳሪ ሊያዝ የሚቻለው ዐሥራቱ ብቻ እንዲሆን ደነገገች። አስተዋይ አንባቢ በነዚህ ሕጎች ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ መንገዶችን ያገኛል። ስኮትላንድ ወለሉን በገንዘብ ቊጥር ሠራች፤ ፈረንሳይ ጣሪያውን በክፍልፋይ አበጀች። ሁለቱም ጉድለት አለባቸው። የገንዘብ ቊጥር ገበያው ሲወደድ እየቀለለ ይሄዳል፤ 20 ሽልንግ ለዘላለም 20 ሽልንግ የሚገዛውን አይገዛም። ክፍልፋይ ደግሞ ዕውር ነው፤ ከብዙ ደመወዝ ዐሥራት ሲነሣ የሚጎድለው ትርፍ ነው፥ ከጥቂት ደመወዝ ዐሥራት ሲነሣ የሚጎድለው እንጀራ ነው።

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ደመወዝ መያዝ ለብዙ ዘመን በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይመራ ነበር፤ በአንዳንዱም ክፍል ሠራተኛው ተከስሶ ከመረታቱ በፊት እንኳ ደመወዙ ይታገድ ነበር። ወደ ሥራው ቤት የሚደርሰው ትእዛዝ ለአሠሪው የጽሕፈት ድካም ስለሚያበዛበት፥ ብዙ አሠሪዎች ከመቊረጥ ይልቅ ሠራተኛውን ማሰናበት ይመርጡ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው እንጀራውን ያጣል፤ አበዳሪውም የሚቈረጥለትን ያጣል። የአገሩ ሸንጎ በ1968 ያወጣው ሕግ ይህን ጕዳት በግልጽ ጠቅሶ፥ ለተራ ዕዳ ከሠራተኛው የተጣራ ደመወዝ ከመቶ 25 በላይ እንዳይያዝ፥ የሳምንቱም ገቢ ከዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 30 እጥፍ በታች እንዳይወርድ፥ ስለ አንድ ዕዳ ደመወዙ የተያዘበትም ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ከሥራው እንዳይባረር አደረገ። በዚህ ሕግ ጣሪያውና ወለሉ በአንድነት ተገኙ፤ በዚያ አገር ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም እንደ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ በዚሁ ሕግ ይጠበቃሉ።

በሚከተለው ዓመት፥ በሰኔ ወር 1969፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዊስኮንሲን ክፍል ስለምትሠራ አንዲት ሴት ጉዳይ ፈረደ። አንድ አበዳሪ ኩባንያ 420 ዶላር አለብሽ ብሎ በከሰሳት ጊዜ፥ ገና ሳይፈረድባት በአሠሪዋ እጅ ከነበረው 63 ዶላር ከ18 ሳንቲም ደመወዟ እኩሌታው ታግዶባት ነበር። ፍርድ ቤቱም ደመወዝ እንደ ሌላ ንብረት ያለ አይደለም፥ የሰው መተዳደሪያ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሳይጠየቅና ቃሉ ሳይሰማ ሊታገድበት አይገባም ሲል ወሰነ። የቁራኛ ዘመን ባለዕዳ እንኳ ከመታሰሩ በፊት ከዳኛ ፊት ቆሞ ይናገር ነበርና፥ ይህ ፍርድ አዲስ ነገር የፈጠረ ሳይሆን የጠፋ ነገር የመለሰ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የዓለም መንግሥታትም በዚህ ጉዳይ በአንድነት መክረዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1949 ስለ ደመወዝ ጥበቃ ባወጣው 95ኛ ስምምነት፥ ደመወዝ ሊያዝ የሚቻለው የአገሩ ሕግ በሚወስነው መንገድና ልክ ብቻ መሆኑን፥ ለሠራተኛውና ለቤተ ሰቡ መኖሪያ የሚያስፈልገውም ያህል ከመያዝ መጠበቁን ደነገገ። «ለቤተ ሰቡ» የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። ዕዳው የአንድ ሰው ሲሆን ደመወዙ ግን የብዙ አፍ ጕርሻ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፥ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቊጥር 404 ከባለዕዳ የማይያዘውን ነገር ዘርዝሯል። የባለዕዳው፥ የሚስቱና የልጆቹ አስፈላጊ ልብስ፥ የማብሰያ ዕቃና የመኝታ ልብስ አይያዝም። የእጅ ሥራው መሣሪያ አይያዝም። ገበሬ የሆነ እንደ ሆነ ለኑሮው የሚያስፈልገው ከብትና ዘር አይያዝም። ጡረታም አይያዝም። ከወር ደመወዙም ሁለት እጁ አይነካም፤ ሊያዝ የሚቻለው ሲሶው ብቻ ነው። የቀን ገቢው ከ2 ብር የማይበልጥ ከሆነ ግን ደመወዙ በሙሉ ነጻ ይሆናል። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው የሐሙራቢን በሬ፥ የኦሪትን ወፍጮና የመኝታ ልብስ ተራ በተራ ያገኛቸዋል። የብዙ ሺህ ዓመት ልምድ በአንድ አንቀጽ ተሰብስቦ ተቀምጧል።

ሲሶ የሚለው መለኪያ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአዝመራው ሲሶውን ለባለመሬቱ የሚያስረክብ ገበሬ የሲሶ አራሽ ይባል ነበር፤ እኩሌታውን የሚያስረክበው ደግሞ የእኩል አራሽ። ይኸው ልክ በኋላ በወጡት የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎችም ጸንቶ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 1156 ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ፥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ አሠሪ ከደመወዝ እንዳይቀንስ ከልክሎ፥ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም በማናቸውም ምክንያት ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ውስጥ ጥልቅ ነገር አለ። ሠራተኛው ራሱ በፊርማው ከሲሶ በላይ ይቈረጥብኝ ብሎ ቢስማማ እንኳ ሕጉ አይቀበለውም። የተቸገረ ሰው ልብሱን በገዛ እጁ አውጥቶ እንደሚሰጥ የጥንቱ ሕግም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነው ፀሐይ ሳይጠልቅ ይመለስለት ያለው።

ስለ መታሰርም ቢሆን ነገሩ ወደ ፊት ሄዷል። የ1958ቱ ሕግ የመክፈል ዐቅም እያለው እንቢ የሚለውን ባለዕዳ ዳኛ እንዲያስረው መንገድ ትቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በ11ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። አለመቻልና አለመፈለግ ልዩ ልዩ መሆናቸውን መለየት የዳኛው ሥራ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አበዳሪውን መርሳት አይገባም። አበዳሪ ሁሉ ባለጸጋ አራጣ በሊ አይደለም። ጥቂት ጥሪቷን ለጎረቤት ያበደረች መበለት፥ በዱቤ ሰጥቶ መደርደሪያው የተራቆተ ባለሱቅ፥ ለሠራበት ያልተከፈለው ግንበኛ፥ እነዚህም አበዳሪዎች ናቸው። ይልቁንም አባታቸው ቀለብ እንዲቈርጥላቸው የተፈረደላቸው ሕፃናት ከሁሉ የሚቀድሙ ባለገንዘቦች ናቸው። ስለዚህ ነው እንግሊዝ ስለ ተራ ዕዳ ደመወዝ እንዳይነካ በከለከለችበት ዘመን እንኳ፥ በ1958፥ ለሚስትና ለልጅ ቀለብ ሲሆን ከደመወዝ እንዲቈረጥ የፈቀደችው፤ የአሜሪካም ሕግ ለልጅ ቀለብ ከሆነ ከደመወዙ እኩሌታና ከዚያም በላይ እንዲያዝ የሚፈቅደው። ደመወዝ ፈጽሞ አይነካ ማለት የአንዱን ቤት ለማዳን የሌላውን ቤት ማፍረስ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሌላ የሚጎዳ ሰው አለ፤ እርሱም ዋሱ ነው። በቁራኛ ዘመን ዋስ የተገኘለት ባለዕዳ ከሰንሰለቱ ይፈታ ነበር። ዛሬም ሰው ሲበደር ወይም በኃላፊነት ሥራ ሲቀጠር ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ይባላል፤ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ይሰጣል። ተበዳሪው የጠፋ እንደ ሆነ ያ ደብዳቤ ወደ ጻፈው መሥሪያ ቤት ተመልሶ ይመጣል፤ ከዋሱም ደመወዝ በየወሩ ይቈረጣል። ያልበላውን ገንዘብ የሚከፍል ሰው «ዕዳ ከሜዳ» ሲል የሚያጉረመርመው በከንቱ አይደለም። የሲሶው ወሰን ለእርሱም ጋሻ ነው፤ ነገር ግን ለወንድሙ ሲል የሰጠው ፊርማ የልጆቹን ምሳ ሊነካ እንደሚችል አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

የተጻፈ ወሰን ካልተጠበቀ ግን በራሱ አይጠብቅም። በ1958 ዓ.ም. የተጻፈው የ2 ብር ወለል በዚያን ጊዜ የቀን ሠራተኛን ቤት የሚያድን ቊጥር ነበረ፤ ገበያው ሲወደድና ብሩ ሲቀልል ግን ቊጥሩ በወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀርቶ፥ ድኻው ከበታቹ ወለል ሳይኖረው ቀረ። በዚህም ጊዜ የሚጠብቀው ሲሶው ብቻ ሆነ። ሲሶ ደግሞ ክፍልፋይ እንደ መሆኑ የጌታውንና የጽዳት ሠራተኛውን ደመወዝ በአንድ ዓይን ያያል። ስለዚህ ወለሉን ከዘመኑ የእህል ዋጋ ጋራ እያስተያዩ ማደስ የሕግ ሠሪ ግዴታ ነው፤ ከባለዕዳው ደመወዝ ላይ ምን ያህል አፍ እንደሚበላ መጠየቅም የዳኛ ግዴታ ነው።

ብድር መመለስ አለበት፤ ያ ካልሆነ ነገ ለተቸገረ የሚያበድር አይገኝም። የዕዳ ሕግም ከባቢሎን ድንጋይ ጀምሮ እስከ ዘመናችን አዋጅ ድረስ ይህን አልካደም። ያስተማረው ሌላ ነገር ነው፤ በሬው የተወሰደበት ገበሬ፥ መሣሪያው የተሸጠበት ብረት ሠሪ፥ ደመወዙ በሙሉ የታገደበት ጸሐፊ ዕዳውን አይከፍልም። ቁራኛው አበዳሪና ባለዕዳን አንድ ላይ አስሮ ይህን በግድ ያሳያቸው ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም፤ አበዳሪውም የባለዕዳውን ቤት አያይም። በእርሱ ፈንታ እንዲያይ የተሾመው ሕጉ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹምም ሲሶውን ቈርጦ የቀረውን ሁለት እጅ ሲያስረክብ ጥንት አበዳሪው በማታ የሚመልሰውን የድኻ ልብስ እየመለሰ መሆኑን ቢያስብ፥ ሥራው ከቊጥር ሥራ የበለጠ መሆኑን ያውቃል።